የጓሮ ቆሮሶ ኩሬ፦ ስለ ዓሣ አመጋገብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባህር ዳር ዙሪያ፣ በሜጫ፣ በዳንግላ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ በጓሯቸው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለሚያረቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ስሌቱ ሁሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስፋት፣ ከ1 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ላለውና 200 ጫጩት ለገባበት ኩሬ ነው። ኩሬዎ የዚህ ግማሽ ከሆነ ጫጩቱንም መኖውንም በግማሽ ይቀንሱ።

በቀን ስንት ልስጣቸው?

መልሱ ኩሬው ውስጥ ባለው የዓሣ ክብደት ይወሰናል። ዓይን እዚህ ላይ ያታልላል፤ ቆሮሶ የሚመግበውን ሰው ጥላ ከለመደ ጠግቦም ቢሆን እየተሻማ ይመጣል። መሰብሰቡን እንደ ረሃብ የሚቆጥር ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይበትናል፣ ያልተበላው ደግሞ ታች ሄዶ ይበሰብሳል። በጓሮ ኩሬ ከረሃብ ይልቅ ትርፍ መኖ ብዙ ዓሣ ይገድላል።

በየ15 ቀኑ 25 ያህል ዓሣ በመረብ አውጥተው፣ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አድርገው ይመዝኑ (የባልዲውንና የውሃውን ክብደት አስቀድመው ይያዙት)። አጠቃላዩን ለ25 ሲያካፍሉ የአንዱ አማካይ ክብደት ይወጣል። ከዚያ በዚህ ልክ ይስጡ፦

- እስከ 5 ግራም፦ ከክብደታቸው በ100 ከ8 እስከ 10
- ከ5 እስከ 20 ግራም፦ በ100 6
- ከ20 እስከ 50 ግራም፦ በ100 4
- ከ50 እስከ 100 ግራም፦ በ100 3
- ከ100 እስከ 200 ግራም፦ በ100 2 ተኩል
- ከ200 ግራም በላይ፦ በ100 2 ወይም ከዚያ በታች

ለምሳሌ 25 ዓሣ 1 ኪሎ ተኩል ቢመዝን አንዱ 60 ግራም ነው። ከ200ው ወፍ የወሰደውንና የሞተውን ቀንሰን 180 ቀርቷል እንበል። 180 በ60 ሲባዛ 10 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል፤ የዚህ በ100 3 ደግሞ 324 ግራም ነው። የቀኑ መኖ ይህ ነው፣ ለሁለት ይከፈላል። በየቀኑ ሚዛን ማውጣት አያስፈልግም። ሽሮ የሚሰፈርበትን ጣሳ አንድ ጊዜ መኖ ሞልተው ይመዝኑና 160 ግራም የሚደርስበት ቦታ ላይ በምስማር ጭረት ያድርጉበት። በየ15 ቀኑ ጭረቱ ከፍ ይላል። መኖውን የሚሰጠው ልጅ ቢሆንም እንግዳ ቢሆንም ከጭረቱ አያልፍም።

የሞተውን ሳይቀንሱ በ200 ማስላት የተለመደ ስህተት ነው። ተንሳፎ የተገኘ ዓሣ ሁሉ በደብተር ይጻፍ።

በስንት ሰዓት ነው የሚመገቡት?

ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት። ከ20 ግራም በታች ለሆኑ ጫጩቶች ያው የቀን መጠን ለአራት ተከፍሎ በ3፣ በ6፣ በ8 እና በ10 ሰዓት ይሰጣል፤ ሆዳቸው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ አይዙም።

ሰዓቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ ዋቅላሚዎች ኦክስጅን የሚሠሩት ፀሐይ ሲኖር ነው፤ ሌሊት ግን እነሱም ከዓሣው ጋር ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ኩሬው በኦክስጅን ድሃ የሚሆነው ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ዓሣ ምግብ ሲፈጭ ደግሞ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። ማለዳ የበላ ዓሣ አየሩ ባነሰበት ሰዓት ሸክም ይጨመርበታል ማለት ነው። ከጣና ዳር ጀምሮ ያለው ከፍታ ይህን ያባብሰዋል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ሙቀቱ እኩል ከሆነ በባህር ጠለል ላይ ካለ ውሃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ቆላ ላይ ለተሠራ ኩሬ የተጻፈ መመሪያ በቀጥታ የማይሠራው አንዱ በዚህ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይስጡ። ያልተበላው ሌሊቱን ሙሉ እየበሰበሰ ያንኑ ኦክስጅን ይሻማል።

ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፤ ርቧቸው ነው?

አይደለም፣ አየር አጥሯቸው ነው። የዚያን ቀን ምንም አይስጡ፤ ፍግም አይጨምሩ። ንጹሕ ውሃ ካለ ከከፍታ እየተንፎለፎለ እንዲወርድ አድርገው ያስገቡ፣ ከታች ደግሞ የቆየውን ውሃ ያስወጡ። ቧንቧ ከሌለ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ከትከሻ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ ያድናል፤ አድካሚ ነው፣ ግን ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። በማግስቱ በግማሽ መጠን ይጀምሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከታየ ኩሬው ከአቅሙ በላይ ዓሣ ወይም ከአቅሙ በላይ መኖ ተሸክሟል።

ከምን ከምን ነው መኖውን የማዘጋጀው?

ጎጃም ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፍሩሽካ ነው፤ ሁለቱን ብቻ ቀላቅለው የሚሰጡም ብዙ ናቸው። ዓሣው ይኖራል፣ ግን እድገቱ ይንቀራፈፋል። ፋጉሎ ከ100 እጅ 30 ያህል ፕሮቲን አለው፣ ፍሩሽካ 15 ያህል፤ 60 በ40 ቢቀላቀሉ 24 ይሆናል። አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ላለ ከ20 ግራም በላይ ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ቢሆን ይመረጣል። ከፓዌ በኩል የሚመጣው አኩሪ አተር ክፍተቱን ይሞላል፤ 36 ያህል ፕሮቲን አለው።

ለ10 ኪሎ መኖ፦

- የኑግ ፋጉሎ 4 ኪሎ
- የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት 3 ኪሎ
- የስንዴ ፍሩሽካ 2 ኪሎ ተኩል
- የስንዴ ዱቄት ግማሽ ኪሎ

ይህ 27 ገደማ ይሰጣል። ፋጉሎውን ወቅጠው በወንፊት ይንፉ። የስንዴውን ዱቄት በ3 ሊትር ተኩል ውሃ እንደ ሙቅ አድርገው ያብስሉት፤ መኖውን አያይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ሌላውን በሙቁ ያቡኩ። ሊጡ ሲጨበጥ መያዝ፣ ሲለቀቅ ግን እጅ ላይ አለመቅረት አለበት። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የሥጋ መፍጫ ያውጡት፣ ሰሌን ላይ ሳሳ አድርገው ነፋስ ባለበት ያስጡት። ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፤ በበጋ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዱን ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጣሉ። 10 ደቂቃ ሳይሞላው ከፈረሰ ሙቁ አልበሰለም ወይም ፋጉሎው ሻካራ ነው። ደርቆ ያልተጨመቀ ዱቄት ኩሬ ላይ መበተን ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከሚበላው የሚሟሟው ይበልጣል።

ፋጉሎ ሲገዙ አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያማስሉ። ታች አሸዋ ከተኛ፣ የሚከፍሉት ለአሸዋም ነው።

አኩሪ አተሩን ሳልቆላ ብፈጨውስ?

አይሆንም። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለ፤ ዓሣው ይበላዋል፣ አይጠቅመውም፣ ኩሬው ግን ይቆሽሻል። ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆንና ሽታው እስኪለወጥ ማመስ፣ ወይም አሳድሮ ግማሽ ሰዓት ቀቅሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ማሳረርም ጉዳት አለው፤ የጠቆረ አኩሪ አተር ፕሮቲኑ አይፈጭም።

ለደቃቅ ጫጩትም ይኸው ነው?

አይደለም። ከ5 ግራም በታች የሆነ ጫጩት 34 እና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ የፋጉሎው ገለባም ይከብደዋል። ከባህር ዳር ዓሣ ቤቶች የሚጣለውን ራስና አጥንት ከ30 ደቂቃ በላይ ቀቅለው፣ አድርቀው ይፍጩ። ለ1 ኪሎ 250 ግራም የዓሣ ዱቄት፣ 300 ግራም አኩሪ አተር፣ 300 ግራም በቀጭን ወንፊት የተነፋ ፋጉሎና 150 ግራም ፍሩሽካ ይበቃል። በዱቄትነቱ፣ በጥቂቱ ረጠብ ተደርጎ ዳር ዳሩን ይሰጣል፤ ጫጩት መሀል ኩሬ አይውልም። ያልተቀቀለ የዓሣ ተረፈ ምርት ኩሬ ውስጥ መጣል በሽታን በገዛ እጅ ማስገባት ነው።

የጠላ አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ዳቦስ?

ትኩስ አተላ አይጨመርም። ውሃው ውስጥ ወዲያው ይበተናል፣ ይኮመጥጣል፣ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ተጨምቆ ፀሐይ ላይ በደንብ ከደረቀ ከ10 ኪሎው መኖ ውስጥ እስከ 1 ኪሎ ፍሩሽካ ሊተካ ይችላል። የአረቄ አተላ ይቅር።

እንጀራና ዳቦ አይገድሉም፣ ነገር ግን ኃይል እንጂ በቂ ፕሮቲን አይሰጡም፤ ቆሮሶው ሆዱ ይሞላል፣ ሥጋው አይጨምርም። ከትሪ የተረፈው ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ ዘይትና ጨው ይዞ ይገባል። ለዶሮዎቹ ይሻላቸዋል።

እምቦጭ ይበሉ ይሆን? ለምለም ሣርስ?

እምቦጭን ወደ ኩሬ አያምጡ። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ጣናን ምን እንዳደረገው የታወቀ ነው፤ አንድ ቅጠል ከነሥሩ ከገባ ኩሬውን ይሸፍናል፣ በጎርፍ ከወጣ ደግሞ ወደ ጎረቤት መስኖ ይሻገራል። ቆሮሶም አይወደውም።

የጎመንና የስኳር ድንች ቅጠል በደቃቁ ተከትፎ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መስጠት ይቻላል። ሦስት ሰዓት ቆይቶ ያልተበላ ካለ ያውጡት። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የታጨደ ምንም ነገር አይግባ፤ ጤፍ ወይም ጫት ማሳ ዳር ኩሬ ያላቸው ሰዎች የዝናብ ውሃው ከማሳው እንዳይገባ መቀልበሻ ቦይ ያድርጉ።

ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ጥሩ ነው ወይስ ቆሽሿል?

ጥሩ ነው፣ ልክ ካለው። አረንጓዴው ራሱ ምግብ ነው፤ ቆሮሶ ቀኑን ሙሉ እየለቀመው ይውላል፣ ለቫይታሚን የሚወጣውን ወጪም ይቀንሳል። ከላይ ያለው የመኖ መጠን አረንጓዴ ውሃ አለ ብሎ የተሰላ ነው።

እጅዎን ቀጥ አድርገው፣ መዳፍዎን ወደ ላይ አጥፈው ውሃ ውስጥ ያስገቡ። መዳፉ የሚሰወረው ውሃው ክርን አካባቢ ሲደርስ ከሆነ (ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር) ልክ ነው። ብብት አጠገብ ደርሶም ከታየ ውሃው ደሃ ነው፤ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ደረቅ የዶሮ ፍግ በጆንያ አስረው ጥግ ላይ ይንከሩ፣ በቀን አንዴ ወዝወዝ ያድርጉት። ውሃው ገና የእጅ አንጓ አካባቢ እያለ ከተሰወረ ፍጉን ያውጡ፣ መኖውንም በግማሽ ይቀንሱ። ልብ ይበሉ፣ ጭቃ ያደፈረሰው ቡናማ ውሃ በዚህ አይለካም፤ እሱ ምግብ የለውም።

ከህዳር እስከ ጥር አይበሉም፤ ታመው ነው?

ብዙ ጊዜ ብርዱ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው፤ ሰውነቱ ውሃው የሆነውን ነው የሚሆነው። ሲቀዘቅዝ የሆድ ሥራው ይዘገያል፣ የሰጡትም በደንብ ሳይፈጭ ይወጣል። የመስታወት ቴርሞሜትር በገመድ አስረው 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይለኩ፦

- 24 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሙሉ መጠን
- ከ20 እስከ 24፦ ሁለት ሦስተኛ (የላይኛው 324 ግራም 216 ይሆናል)
- ከ17 እስከ 20፦ አንድ ሦስተኛ፣ በቀን አንዴ፣ 9 ሰዓት ላይ
- ከ17 በታች፦ ምንም

እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ከፍታቸው 2,400 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ቆሮሶ እዚያ ከዓመቱ ብዙውን በግማሽ ሆድ ነው የሚያሳልፈው። መኖ በመጨመር ብርድ አይሸነፍም። በእነዚህ ቦታዎች ብርድ የሚችለው ካርፕ ይሻላል፤ የአባይ በረሃን ይዘው በደጀን በኩል ወደ ታች ያሉ ደግሞ ይህን ጥያቄ መዝለል ይችላሉ።

በክረምትስ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ችግሩ ከብርዱ ይልቅ ደመናው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ካልወጣች ዋቅላሚው ኦክስጅን አይሠራም። ሙሉ ቀን ከዳመነ ግማሽ ይስጡ፣ ከባድ ዝናብ በጣለበት ቀን ደግሞ ይለፉት። የደለል ጎርፍ ከገባ ውሃው እስኪጠራ መኖ ይቁም። አንድ ሁለት ቀን ያልበላ ቆሮሶ ምንም አይሆንም።

መብላታቸውን በምን አውቃለሁ?

በቀርከሃ ነው። አዊ ቤት ቀርከሃ ሞልቷል፤ አራት ቁራጭ አስረው 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ተንሳፋፊ ክፈፍ ይሥሩና በድንጋይና በገመድ አንድ ቦታ ያቁሙት። መኖው ሁልጊዜ በዚያ ውስጥ ይጣላል፣ ነፋስ አይበትነውም። ከሥሩ በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የአጎበር ጨርቅ የተወጠረበት ሰፌድ መሰል ነገር ያንጠልጥሉ፤ የቤት መኖ ስለሚሰምጥ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ያውጡት። ባዶ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። የተረፈ ካለ በማግስቱ ከአሥር አንድ እጅ ይቀንሱ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካለቀና ሦስት ቀን በተከታታይ ይህ ከታየ ከአሥር አንድ እጅ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ግን ሳይመዝኑ አይጨምሩ።

በድንገት መብላት ሲያቆሙ መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ የማለዳውን አየር፣ ቀጥሎ ወፍ መምጣቱን ያጣሩ። ዓሣ አዳኝ ወፍ የለመደው ኩሬ ላይ ቆሮሶ ወደ ላይ መውጣት ይፈራል። መኖው ሻግቶም ሊሆን ይችላል።

የምሰጠው ይጨምራል፣ ትልልቆቹ ግን አያድጉም

ኩሬው ውስጥ ጫጩት ፈልቷል። ወንድና ሴት አብረው ከገቡ ቆሮሶ ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል፤ እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን አፏ ውስጥ ስለምትይዝ በዚያ ሰሞን አትበላም፣ ስለዚህ አትፋፋም። 200 ያስገባ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ተመጋቢ ይኖረዋል፣ የጣሳው ጭረትም ትርጉም ያጣል።

ከ30 ግራም በላይ ሲሆኑ ፆታውን ከሆዱ በታች ባሉት ቀዳዳዎች መለየት ይቻላል፦ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት አላት። ወንዶቹን ብቻ ማስቀረት ከሁሉም ይሻላል። ካልሆነ ከ20 ቆሮሶ አንድ አምባዛ ያስገቡ፣ ጫጩቱን እየለቀመ ይቀንሳል። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶዎቹ ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ የሚለቅመው ጫጩቱን ብቻ አይሆንም።

መኖው ምን ያህል ይቆያል?

በበጋ ሁለት ወር፣ በክረምት ከአንድ ወር ባይበልጥ ይመረጣል። ፋጉሎ ዘይት ስለሚቀርበት ቶሎ ይጎመዝዛል። ጆንያው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ የታየበት፣ የተጓጎለ ወይም የሚከረፋ መኖ ይጣላል። ፀሐይ ላይ መልሶ ማስጣት ሻጋታውን ቢያደርቅም መርዙን አያወጣውም፤ ለላሟ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፣ መርዙ በወተት በኩል ይመጣል።

ለሰርግ ወይም ለለቅሶ አራት አምስት ቀን ብሄድስ?

ምንም አይስጡ። ጤነኛ ቆሮሶ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ሳምንት ያለ መኖ ይቆያል። ጎረቤት አደራ ከተባለ የየቀኑ መጠን በየላስቲኩ ተመዝኖ ይሰጠው፤ ጆንያውን ከሰጡት በደግነት ያጠፋቸዋል። ከመሄድ በፊት ደርቦ መስጠት በተለይ አይሞከር።

ለአንድ ዙር ስንት ኪሎ መኖ ልያዝ?

በቤት በተዘጋጀ መኖ 1 ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይፈጃል። 170 ዓሣ 200 ግራም ሲደርስ 34 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ያስቡ። ከ3 በላይ ከሄደ ወይ መኖው ይሟሟል፣ ወይ ጫጩት ፈልቷል፣ ወይ በብርድ ጊዜ ሙሉ መጠን ተሰጥቷል። በባህር ዳር አካባቢ ሙቀት ዙሩ ከ6 እስከ 8 ወር ይወስዳል። የዓሣ ገበያ በዐቢይ ጾም ሰሞን ስለሚደራ ለዚያ የሚያደርሱ ሰዎች ጫጩቱን ከሰኔ በፊት ማስገባት አለባቸው፤ መስከረም ላይ የገባ ጫጩት ከህዳር እስከ ጥር ያለው ብርድ በትንሽነቱ ያገኘዋል።

ከማውጣቴ በፊት ላብላቸው?

ከ24 ሰዓት በፊት መኖ ይቁም። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ሲጓጓዝ ውሃውን አያቆሽሽም፣ ሲታረድ ሆዱ ንጹሕ ነው፣ ሥጋውም ቶሎ አይበላሽም። መረቡን በማለዳ ብርድ ይጣሉ፤ ተጠርጎ የሚቀረውን ደለል ደግሞ ለጎመኑ መደብ ያስቀሩት።